ፓምፑ ይጮሃል፤ ውኃው ግን የት አለ?

የቤት ውኃ ማያያዣዎችን በራስ እጅ ስለ መለወጥ

አንባቢ ሆይ! ውኃ በተራ በሚደርስበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ ይህን ነገር ሳያውቁት አይቀሩም። ሌሊት ውኃ መጥቶ በግቢው ወለል ላይ ያለውን ታንከር ሞልቶ ያድራል። ጠዋት ወደ ቢሮ ወይም ወደ ትምህርት ቤት ከመሄድዎ በፊት ፓምፑን ያስነሣሉ። ፓምፑም እንደ ልማዱ ይጮሃል፤ ነገር ግን ከላይ ወዳለው ታንከር አንዲት ጠብታ አትወጣም። ከታች ውኃ ሞልቷል፤ መብራት አለ፤ ሞተሩም ይዞራል፤ ውኃው ግን የለም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ሰው ወዲያው «ፓምፑ ተቃጥሏል» ብሎ ይፈርዳል። አከራይዋ እትዬ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ይላሉ፤ ተከራዮቹም እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ከዚያም ለአዲስ ፓምፕ መግዣ ገንዘብ ማዋጣት ይጀመራል። አዲሱ ፓምፕ ተገዝቶ በአሮጌው ማያያዣ ላይ ሲታሰር ግን ያው ጩኸት፣ ያው ድርቀት ይሆናል፤ ሕመሙ ከፓምፑ አልነበረምና። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አንድ የተሰነጠቀ ማያያዣ ወይም አንድ የደረቀ የጎማ ቀለበት ነው። የዋጋውን ልዩነት ለማወቅ ወደ አንድ የቧንቧ ዕቃ መደብር ብቅ ብሎ ሁለቱን መጠየቅ ይበቃል። ደመወዙ ለወር መጨረሻ በጭንቅ ለሚደርስ ጀማሪ ሠራተኛ፣ ወይም ከቤተሰቡ በሚላክለት ገንዘብ ለሚኖር ተማሪ፣ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ማያያዣው እንዴት እንደሚመረመር፣ እንዴት እንደሚገዛና እንዴት እንደሚለወጥ አብረን እንመልከት።

ውኃው የሚሄድበት መንገድ

በመጀመሪያ የቤትዎን መንገድ ይወቁ። ውኃው ከመንገድ ቧንቧ ወጥቶ በቆጣሪው ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ታችኛው ታንከር ይገባል። በታንከሩ አፍ ላይ ተንሳፋፊ ኳስ ያለው መዝጊያ አለ፤ ውኃው ሲሞላ ኳሱ ወደ ላይ ይነሣና መግቢያውን ይዘጋዋል። ከታችኛው ታንከር እስከ ፓምፑ ያለው ቧንቧ ሳቢው ክፍል ነው። ከፓምፑ ተነሥቶ እስከ ላይኛው ታንከር የሚደርሰው ደግሞ ገፊው ክፍል ነው። ከላይኛው ታንከር እስከ ኩሽናና እስከ መታጠቢያ ያለው ግን ውኃው በገዛ ክብደቱ የሚወርድበት ነው። ታንከሩ በ3 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ እንደሆነ፣ በቧንቧዎ ላይ የሚደርሰው ግፊት ከአንድ አትሞስፌር ሲሦ አይበልጥም። የላይኛው ፎቅ ሻወር የሚደክመውም ስለዚህ ነው፤ ፓምፑን መውቀስ አይገባም።

በእነዚህ ክፍሎች መካከል ያሉት ማያያዣዎች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። መንገድ የሚያጣምመው ኤልቦ ነው፤ መንገድ ለሁለት የሚከፍለው ቲ ነው፤ ሁለት ቧንቧ በቀጥታ የሚያገናኘው ሶኬት ነው፤ በሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለው አጭሩ ደግሞ ኒፕል ይባላል። ዩኒየን የሚባለው ግን ከሁሉ ይልቅ ሊያውቁት የሚገባ ነው። ይኸውም በመካከሉ ትልቅ ዳዶ ያለው፣ ቧንቧውን ሳይቆርጡ ፓምፑን ፈትቶ ለማውጣት የሚያስችል ማያያዣ ነው። ከፓምፑ በፊትና በኋላ ዩኒየን ያልተደረገለት ቤት ለእያንዳንዱ ጥገና መጋዝ ይፈልጋል። ቼክ ቫልቭ ውኃውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። ፉት ቫልቭ ደግሞ ቧንቧው ከጉድጓድ በሚስብበት ጊዜ በጫፉ ላይ ተቀምጦ ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይጠብቃል።

አየርና ውኃ የሚጣሉበት ቦታ

እንግዲህ ዋናው ምስጢር ይህ ነው። በገፊው ክፍል ላይ ያለ ማያያዣ ቢሰነጠቅ ውኃ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ግድግዳው ይረጥባል፤ ማንም ሰው ያየዋል። በሳቢው ክፍል ላይ ያለው ቢሰነጠቅ ግን ፓምፑ በሚሠራበት ጊዜ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ውኃ ወደ ውጭ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ ስንጥቁ ደረቅ ሆኖ ይታያል፤ ማንም አይጠረጥረውም። በቤታችን የተለመደው ፓምፕ ደግሞ ውኃን እንጂ አየርን መግፋት አይችልም። ሆዱ በአየር የተሞላ እንደሆነ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢዞር እንኳ ውኃ አያነሣም።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ኢጣልያዊው ሊቅ ጋሊሌዎ እ.ኤ.አ. በ1638 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ፣ የሚስብ ፓምፕ ውኃን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ሊያነሣ እንደማይችል ጽፎ ነበር። ምክንያቱን በ1640ዎቹ ያስረዳው ቶሪቼሊ ነው። በእውነቱ ውኃውን ወደ ላይ የሚያነሣው ፓምፑ አይደለም። ፓምፑ በሳቢው ቧንቧ ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ በውኃው ፊት ላይ የተጫነው የአየር ክብደት ውኃውን እየገፋ ያወጣዋል። በ1648 ዓ.ም. ደግሞ ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ በጠየቀው መሠረት ሙከራው በተራራ ላይ ተደረገ፤ ወደ ላይ በወጡ መጠን የአየሩ ክብደት እየቀነሰ መሄዱም ታወቀ።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ መስሎ አይታይዎ፤ ለእኛ ለደገኞች የቤታችን ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በባሕር ዳርቻ አየሩ ውኃን እስከ 10 ሜትር ከ30 ሳንቲም ሊገፋ ሲችል፣ በአዲስ አበባ ግን 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። በድሬዳዋ ወደ 9 ሜትር ይሆናል። ይህም በሒሳብ ብቻ ነው፤ በሥራ ላይ ከቧንቧው ጥበትና ከማያያዣዎቹ የተነሣ ከ5 እስከ 6 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ቢገኝ ጥሩ ነው። በሌላ አገር የተሠራ ፓምፕ በካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» ተብሎ ቢጻፍበት፣ በአዲስ አበባ ግቢ ይህን ያደርጋል ብለው አይጠብቁ። አቅሙ አስቀድሞ በከፍታው ለተቀነሰበት ፓምፕ ደግሞ ትንሿ የአየር ቀዳዳ ትልቅ ጠላት ናት።

ቀዳዳውን እንዴት ያገኙታል? በሳቢው ክፍል ላይ ባሉት ማያያዣዎች ሁሉ፣ ፓምፑ እየሠራ ሳለ፣ ወፍራም የሳሙና አረፋ ይቀቡ። አረፋው በአንድ ቦታ ወደ ውስጥ ሲሳብና ሲጎደጉድ ካዩ ሌባውን አገኙት ማለት ነው። በገፊው ክፍል ላይ ግን ደረቅ ወረቀት ይበቃል፤ በማያያዣው ዙሪያ ሲጠቀልሉት የረጠበበት ቦታ ሕመሙን ይነግርዎታል። ይህን ሲያደርጉ እጅዎ ወደ ሞተሩና ወደ መብራት ገመዱ እንዳይጠጋ፤ አረፋውም እነዚህን እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

ግማሽ ኢንች ለምን ግማሽ ኢንች አይሆንም?

አሁን ወደ ገበያ እንሂድ። ብዙ ተማሪ የሚደናገርበት ነገር እዚህ አለ። የአሮጌውን ቧንቧ ጥርስ ከውጭ በማስመሪያ ቢለካው 21 ሚሊሜትር ያህል ያገኛል። አንድ ኢንች 25 ሚሊሜትር ከግማሽ ያህል ነውና «ይህ ወደ አንድ ኢንች የተጠጋ ነው» ብሎ የአንድ ኢንች ማያያዣ ይገዛል፤ እቤት ሲደርስ ግን ይሰፋበታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የቧንቧ ስም የተሰጠው ከጥንት በውስጡ ስፋት ነበር እንጂ በውጩ አይደለም። ስለዚህ ከውጭ 21 ሚሊሜትር የሚለካው ጥርስ «ግማሽ ኢንች» ይባላል፤ 26 ሚሊሜትር ያህል የሚለካው «ሦስት አራተኛ» ነው፤ 33 ሚሊሜትር ያህል የሆነው «አንድ ኢንች» ነው። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ግን በውጩ ስፋት ይጠራል፤ 20 ሚሊሜትር የሆነው ከግማሽ ኢንች፣ 25 የሆነው ከሦስት አራተኛ፣ 32 የሆነው ከአንድ ኢንች ጋር ይጋጠማል።

የጥርሱም ነገር አለ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ዓ.ም. የብሎን ጥርስ ሁሉ በአንድ ልክ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ፤ የጥርሱም ማዕዘን 55 ዲግሪ እንዲሆን አደረገ። በአገራችን ገበያ የሚበዛው የቧንቧ ጥርስ የዚህ ዘር ነው። የአሜሪካኖቹ ግን 60 ዲግሪ ነው። የሚያሳስተው ደግሞ፣ በግማሽ ኢንች ላይ ሁለቱም በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 14 ጥርስ አላቸው። ስለዚህ አንዱ በሌላው ላይ ጥቂት ዙር ይገባና የተስማማ ይመስላል፤ በኋላ ግን ያንጠባጥባል። ከዚህ ሁሉ ጭንቀት የሚያድን አንድ ቀላል ምክር አለ፤ መርካቶ ሲሄዱ አሮጌውን ማያያዣ በኪስዎ ይዘው ይሂዱ። ባለሱቁ የሚሰጥዎትን አዲስ ዕቃ እዚያው ከጓደኛው ጋር በእጅ ያጋጥሙት። እስከ መጨረሻው ሳይነቃነቅ ከገባ ይግዙት።

ሥራው በተራ

ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት የቧንቧ ቺያቬ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ ባልዲ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጨርቅና አንድ ጥቅል ቴፍሎን ይበቃል።

አንደኛ፣ የፓምፑን ሶኬት ከግድግዳው ይንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ገመዱ ተነቅሎ በዓይንዎ ፊት ይቀመጥ። እርጥብ እጅና መብራት የሚገናኙበት ስሕተት ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። ፓምፑ ያለ ሶኬት በቀጥታ ከመብራት መሥመር ጋር የታሰረ ከሆነ ኤሌክትሪሲያን ይጥሩ።

ሁለተኛ፣ በታንከሩ መውጫ ላይ ያለውን ጌት ቫልቭ ይዝጉ። ከዚያ ከሁሉ ዝቅ ብሎ ያለውን ቧንቧ ከፍተው በመሥመሩ ውስጥ የቀረው ውኃ ይውረድ።

ሦስተኛ፣ ዩኒየኑን ይፍቱ። አንዱን ቺያቬ ቧንቧውን እንዲይዝ ያድርጉ፤ በሌላው ዳዶውን ያዙሩ። አንድ ቺያቬ ብቻ ይዘው ቢታገሉ ኃይሉ ሁሉ በግድግዳው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ይሄድና፣ የማያዩትን ጥሩ ማያያዣ ይሰብራሉ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

አራተኛ፣ በዩኒየኑ ውስጥ ያለውን የጎማ ቀለበት ይመልከቱ። ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ከጠነከረ ወይም ከተሰነጠቀ ሌላውን ሁሉ ከመጠርጠርዎ በፊት እርሱን ይለውጡ። መቀመጫውን በብሩሽ ያጽዱ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳ መንገድ ትከፍታለች። በአዲሱ ጎማ ላይ የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ አይቀቡ፤ ጎማውን ያብጠውና ያበላሸዋል። በንጹሕ ውኃ ማርጠብ ይበቃል።

አምስተኛ፣ ጥርስ ያለውን ማያያዣ የሚለውጡ ከሆነ አሮጌውን ቴፍሎን ወይም ቃጫ በሙሉ ይጥረጉ። ቴፍሎን የተባለው ነገር እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. ሮይ ፕለንኬት በተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ሳይታሰብ የተገኘ ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር የማይጣበቅና የሚያንሸራትት ስለሆነ ጥርሱ በደንብ እንዲገባ ይረዳል። የጥርሱን አፍ ወደ እርስዎ አዙረው፣ የሰዓት ቆጣሪ እጅ በሚዞርበት አቅጣጫ ከ3 እስከ 5 ዙር እየወጠሩ ይጠቅልሉት። በተቃራኒው የጠቀለሉት እንደሆነ ማያያዣውን ሲያጠብቁ ይተረተራል። የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ይተዉት፤ ቁራጩ ወደ ውኃው ገብቶ ቫልቭ እንዳይዘጋ።

ስድስተኛ፣ ምንጊዜም በእጅ ይጀምሩ። በእጅ የማይገባ ጥርስ ጠማማ ገብቷልና መልሰው ይፍቱት። በእጅ ከጠበቀ በኋላ ብረት ከሆነ በቺያቬ ያጠንክሩት። ፕላስቲክ ከሆነ ግን አንድ ዙር ገደማ ይበቃዋል። የብረት ወንድ ጥርስ ወደ ፕላስቲክ ሴት ጥርስ ሲገባ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁም የሚታየው ዛሬ ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብረትና ፕላስቲክ በሚገናኙበት ቦታ የፕላስቲኩ ወንድ፣ የብረቱ ሴት ቢሆን ይሻላል።

ሰባተኛ፣ ሁሉ ከተገጠመ በኋላ ፓምፑን በደረቁ አያስነሡ። በራሱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ፈትተው ሆዱ እስኪሞላ ውኃ ያፍስሱበትና መልሰው ይዝጉ። ቀጥሎ ጌት ቫልቩን ይክፈቱ፤ ሶኬቱን ይሰኩ፤ በደረቅ ወረቀት ይመርምሩ።

እሳት የሚፈልገውና ሙጫ የሚፈልገው

ቧንቧዎ ፒፒአር ከሆነና ስንጥቁ ጥርስ በሌለው መጋጠሚያ ላይ ከሆነ ቺያቬ አይረዳዎትም። ይህ ቧንቧ በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚግል መሣሪያ ይጋላል፤ 20 ሚሊሜትር ለሆነው 5 ሴኮንድ፣ 25 ለሆነው 7 ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። ከዚያ ሳያጣምሙና ሳያሽከረክሩ ያጋጥሙታል። ጊዜው ቢያንስ አይያያዝም፤ ቢበዛ የቀለጠው ፕላስቲክ ቀዳዳውን ያጠበዋል። መሣሪያውና ልምዱ ከሌለዎት ለዚህ ቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ። ስንጥቁን አስቀድመው ለይተው ስላወቁ ግን የሚከፍሉት ለአንድ መጋጠሚያ ነው እንጂ ለሙሉ ፍለጋ አይደለም።

ፒቪሲ የሚባለው ደግሞ በሙጫ ይያያዛል። በአሜሪካ በየቤቱ ጓሮ የመዋኛ ገንዳ ያላቸው ሰዎች ይህን ሥራ በደንብ ያውቁታል። የገንዳው ፓምፕ ውኃውን ከገንዳው ስቦ በማጣሪያ አሳልፎ ይመልሳል፤ ማያያዣዎቹም በአብዛኛው ፒቪሲ ናቸው። እዚያም ሕመሙ እንደዚህ እንደኛው ነው። ሳቢው ክፍል አየር ሲያስገባ በፓምፑ ክዳን ሥር አረፋ ይታያል። ፓምፑ ያለ ውኃ የዞረ እንደሆነ በሆዱ የቀረው ጥቂት ውኃ ይፈላና፣ በፓምፑ አፍ ላይ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ለስልሶ ይኮማተራል። በመጨረሻም ዘወትር አየር ይስባል። ሙጫውን ሲጠቀሙ ቧንቧውን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፣ ጠርዙን መሞረድ፣ ሁለቱንም ወገን መቀባት፣ ሩብ ዙር እያዞሩ ማስገባትና ግማሽ ደቂቃ ያህል አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። ሙጫው የሚደርቅበት ሰዓት በቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፤ ያ ሰዓት ሳይደርስ ውኃ መልቀቅ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

ከኪስ የሚበልጥ ጉዳይ

እስካሁን ስለ ገንዘብ ተናገርን። ነገሩ ግን ጤናንም ይነካል። በአንዳንድ ግቢ ውኃ ሲደክም ፓምፑን በቀጥታ ከመንገድ ቧንቧ ጋር ያያይዙታል። ይህ ከባድ ጥፋት ነው። ፓምፑ የጎረቤትን ድርሻ መውሰዱ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ የሚብሰው ግን በመንገዱ ቧንቧ ውስጥ ግፊቱን ማጥፋቱ ነው። ቀደም ብለን እንዳየነው ግፊት በጠፋበት ቦታ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይስባል። ከመሬት በታች ያለው አሮጌ ማያያዣ አጠገብ የቆሻሻ ውኃ ካለ፣ የሚሳበው አየር ብቻ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. በሎንዶን ብሮድ ስትሪት በተባለ መንገድ አካባቢ ኮሌራ ሲገባ፣ ሐኪሙ ጆን ስኖው ሕመሙ የተነሣው ከአንድ የውኃ ፓምፕ መሆኑን አሳየ። በኋላም ከጉድጓዱ አጠገብ ካለ ማጠራቀሚያ ቆሻሻ ይሰርግ እንደ ነበር ታወቀ። ስለዚህ ፓምፕዎ ሁልጊዜ ከታንከር ይሳብ። ከቆጣሪው ቀጥሎ ቼክ ቫልቭ ይኑር፤ የታንከሩ ክዳንም ይገጠም። ቆጣሪውንና ከቆጣሪው በፊት ያለውን ግን አይንኩ፤ ለውኃ መሥሪያ ቤቱ ያመልክቱ።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ትንሽ የምትመስል ፍሳሽ ለሒሳብ ቀላል አይደለችም። አንድ ሊትር መያዣ ከሚያፈሰው ማያያዣ ሥር ያስቀምጡ። በ10 ደቂቃ ከሞላ፣ በቀን 144 ሊትር፣ በ30 ቀን 4,320 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር 216 ጀሪካን ማለት ነው። ውኃ በጀሪካን ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር በትከሻው ይረዳዋል። ፍሳሽ መኖሩን ለማወቅም፣ ታንከሩ ሞልቶ ቧንቧ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ማንም ውኃ ሳይጠቀም ቁጥሩ ከተለወጠ፣ የማያዩት ፍሳሽ ወይም የማይዘጋ ተንሳፋፊ አለ።

በተከራይነት የሚኖሩ ከሆነ አንድ ነገር ይጨምሩ። ከመፍታትዎ በፊት ለአከራይዎ ይንገሩ፤ የተሰበረውን ዕቃ ያሳዩ፤ የአዲሱንም ደረሰኝ ይያዙ። «ፓምፑ ተበላሸ» ከማለት «በሳቢው በኩል ያለው የአንድ ኢንች ዩኒየን ጎማው ተሰንጥቋል» ማለት ብዙ ክርክር ያስቀራል። የግቢው ሰው ሁሉ በመዋጮው ፋንታ ሰላሙን ያተርፋል። የተለወጠበትንም ቀን በታንከሩ ጎን ላይ በቀለም ይጻፉ፤ ከእርስዎ በኋላ በዚያ ቤት የሚገባው ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።